ለደህንነትዎ ሲባል

ኸሊዳ መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ ሞታ ስትገኝ ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። የሰመራ ሙቀት ገና ንቅንቅ አላለም። አከራይዋ ወይዘሮ ማሚት ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጭንቅላታቸውን ይዘዋል። ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወድቋል፤ መመለሱንም ረስተውታል።

«ውሃ መጥቷል፣ ጀሪካንሽን አውጪ ልላት ነው የመጣሁት» አሉኝ። «በሩ ተገንጥሏል። ጠራኋት፣ ዝም። ገባሁ። ምን ልበልሽ ልጄ።»

«ሰው ሲገባ አላያችሁም?»

«በዚህ ሐሩር ማን ውጭ ይታያል? ከስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሁላችንም ተኝተን ነበር።»

ገዳዩ ይህን ያውቃል ማለት ነው። አንገቷ ላይ የጣት ምልክት አለ። የመታጠቢያ ቤቱ መቀርቀሪያ ከነምስማሩ ተነቅሏል። ስልኳን ከጀሪካኖቹ ኋላ አገኘሁት፣ መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ደብቃዋለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከሁለት ወር በፊት ከአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባሏ ዱላ ሸሽታ መጣች፤ እዚህ አንድ ሆቴል እንግዳ ትመዘግብ ነበር። ያለችበትን ቤት ከሆቴሉ ሰዎች ሌላ የሚያውቁት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው አሉ ማሚት። ታዲያ ለዚህ ሰው ማን ነገረው?

እኔ ኢንስፔክተር የሻረግ ጣሰው እባላለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ፖሊስ ነኝ። ቁጡ ነሽ ይሉኛል። አዎ፣ ነኝ! ያን መታጠቢያ ቤት አይቶ ያልተቆጣ ሰው ካለ እሱ ይመርመር።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስገባ አለቃዬ ኮማንደር ደምመላሽ ጉዳዩን ጨርሰውት ጠበቁኝ። ከቴክኒክ ክፍል የመጣ ሪፖርት ፊታቸው አለ፤ አንዱን መስመር በቀይ አስምረውበታል።

«አንብቢው።»

«‹ከመተግበሪያዎች መደብር ውጭ የተጫነ አንድ መተግበሪያ ተገኝቷል። ስሙ፦ አለሁ። ምንጩ፦ ያልታወቀ።›»

«ይኸው! ያለችበትን ቦታ የሚናገር አፕ ነው። ስልኩ ራሱ ምንጩ አይታወቅም ብሎ መስክሯል። የሠራችው ዊዳድ የምትባል የዚህ ከተማ ልጅ ናት፤ አምጥተናታል።»

«አሰሯት?»

«ቦታዋን ለባልየው ሰጥታዋለች። ባልየው ራሱ አልመጣም፣ ስልኩ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ከአዋሽ አልወጣም፤ የኔትወርክ መረጃው እዚህ አለ። ሰው ልኳል ማለት ነው። ማንን እንደላከ እሷ ትነግረናለች። ነገ በዘጠኝ ሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«ጌታዬ፣ ከመደብር ውጭ መሆኑ ብቻ ምን ያሳያል? እርስዎ ኳስ የሚያዩበት አፕ ከየት መጣ?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«የሻረግ! ሥራሽን ሥሪ!»

ወጣሁ። በሩን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ነው የዘጋሁት፤ መስኮቱ ነዘረ።

ዊዳድ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ ከወሎ መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው፤ እሷ ኮምፒውተር ተምራ ከተመረቀች በኋላ ሥራ አላገኘችም። የቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ላቧ በጉንጯ ይወርዳል። ለምን አሰራችሁኝ ብላ ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ነክታው ነበር?» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ምኑን?»

«ቀዩን ክብ። አፑ ላይ አለ። ሲነካ ተመርጠው ለተመዘገቡ አምስት ሰዎች መልእክት ይሄዳል፣ ያለችበት ቦታ ጭምር። መናገር አያስፈልግም፤ ተደብቃም ብትሆን ይሠራል። ከአምስቱ አንዷ እኔ ነኝ። አልደረሰኝም። ወላሂ፣ ስልኬ ቀኑን ሙሉ እጄ ላይ ነበር። ቤቴ ከእሷ ቤት አራት ደቂቃ ነው።»

«ሳትነካው ቦታዋን ለሰው ይናገራል?»

«ለማንም። ለእኔም አይናገርም።»

«ለምን እንደ ሰው መደብሩ ላይ አላወጣሽውም?»

ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ። «በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ አምጪ ይላል። የለኝም። የመንገድሽን ስምና የቤት ቁጥርሽን አረጋግጪ ይላል። የኛ ሰፈር መንገድ ስሙ ማን ነው፣ ኢንስፔክተር? ሦስት ጊዜ መለሱብኝ። እስከዚያ የሚደበደቡት ሴቶች ይጠብቁ? በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ሰጠኋቸው። ከኸሊዳ ሌላ ሁለት መቶ አሥር ሴቶች፤ የሁሉም መልእክት ለእኔም ይደርሳል።»

«ስማቸውን ስጪኝ።»

«አልሰጥም! ተደብቀው ነው ያሉት።»

«ነገ ፍርድ ቤት ነሽ፣ ልጄ። የገዳይ ተባባሪ ነሽ ነው የሚሉሽ።»

«ይበሉኝ» አለች። «የሠራሁት ነገር እምቢ ብሏት እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ። ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቤ እያንዳንዱን መስመር ሳነብ ነው ያደርኩት። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አጣሁት።»

ከዚያ ክፍል ስወጣ ሁለት ነገር ማወቅ ነበረብኝ፤ ገዳዩን፣ ደግሞም የዚህችን ልጅ መልስ።

አቤሴሎም የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር መልእክቱ ከሚላክላቸው አምስቱ አንዱ ነው። ከአዋሽ ያመጣት እሱ ነው፤ በጅቡቲ መንገድ ባለፈ ቁጥር ብስኩት ያደርስላታል፤ በሞተችበት ቀንም ሦስት ጊዜ ደውሎላታል። እንዲህ ያለ ሰው ቶሎ ይጠረጠራል፤ እኔም ጠረጠርኩት። ሰርዶ ላይ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ተኝቶ አገኘሁት። የኸሊዳን ስም ስጠራ ብድግ ሲል ግንባሩን ከብረቱ አጋጨ።

«ምን ሆነች?»

ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ጫማው እግሩ ላይ ነው።

«ሦስት ጊዜ ለምን ደወልክ?»

«ነገ አልፋለሁ፣ ምን ላምጣልሽ ልላት። አላነሳችም። ተኝታለች አልኩ። ተኝታለች ብዬ እኮ ተውኩት!»

የጉምሩክ ወረቀቱን አሳየኝ። ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ ጋላፊ ኬላ ማህተም ተመትቶበታል፤ ከሰመራ ብዙ ርቆ ነበር። ስልኩንም አየሁ፤ ከ‹አለሁ› የመጣ ምንም መልእክት የለም።

«ባሏ ቦታዋን ከየት አወቀ?»

«ሊያውቅ አይችልም!» ተቆጣኝ። «ሲሟን አውጥታ አዋሽ ድልድይ ላይ ከመኪናዬ መስኮት ስትወረውረው በዓይኔ አይቻለሁ። ገደል ገባ። ‹በቃ፣ አሁን ጠፋሁ› አለችኝና ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት የዚያን ቀን ነው።»

አዳይቱን አልፌ አዋሽ ሰባት ኪሎ ስደርስ መሽቶ ነበር። ባልየው አብዱናሲር አውቶቡሶች ምሳ በሚያርፉበት አካባቢ ጎማ ይሸጣል። ሰው የሚወደው ዓይነት ነው፤ ለስላሳ፣ ጨዋ። ሚስቱ መሞቷን ስነግረው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከጣቶቹ መካከል ግን ዓይኑ እኔን ያያል።

«ኢና ሊላህ! የት ነው የሞተችው?»

«የት ያለች ይመስልህ ነበር?»

«ከየት አውቄ፣ እህቴ? ሁለት ወር ሙሉ ስፈልጋት ነበር። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ደግሞ አሞኝ ከቤት አልወጣሁም። እናቴን ጠይቂያት። ስልኬንም አስመርምሪ፣ የት እንደነበርኩ ስልኬ ይመስክር።»

ያ ‹ስልኬ ይመስክር› የሚለው ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ። ንጹሕ ሰው ስልኩን ምስክር ለመጥራት እንዲህ አይቸኩልም።

እናቱ ወይዘሮ አሪፋ ሻይ ይዘው ወጡ።

«ትናንት ቤት ነበር ልጅዎ?»

መጀመሪያ እሱን አዩት። «አዎን፣ ተኝቶ ነበር» አሉ ከዚያ።

«ስልክ ቁጥርዎን ይስጡኝ፣ ምናልባት ብፈልግዎ።»

አብዱናሲር ቀደማቸው። «እናቴ ስልክ የላትም።»

አሪፋ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። እኔም የላትም ብዬ ጻፍኩት። የሚያዝበት ነገር ግን አልነበረኝም። ለኮማንደሩ ደውዬ አንድ ቀን ይጨምሩልኝ አልኩ። «ልጅቷ ነገ ትቀርባለች» ብለው ዘጉብኝ። ስልኬን ወርውሬ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም።

ያደርኩት አባቴ ቤት ነው። አቶ ጣሰው ሠላሳ ዓመት አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጠዋት ልወጣ ስል በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የገዛሽልኝ ስልክ አብዷል። ቁጥር ስፈልግ የማላውቃቸው ሰዎች ይግተለተላሉ። ‹ከማል ፍየል›፣ ‹ሙሽራዋ›፣ ‹አዋላጅ አዳይቱ›። እኔ አዋላጅ ምን ያደርግልኛል?»

«አባዬ፣ አሁን እንኳ ጊዜ የለኝም።»

«ይኸው ደግሞ ‹ማሚት አከራይ ሰመራ›። እኔ ሰመራ ቤት ተከራይቻለሁ እንዴ?»

ቦርሳዬ ከእጄ ወደቀ። ስልኩን ነጠቅኩት። ቁጥሩ ከትናንት በስቲያ ያነጋገርኳቸው የማሚት ቁጥር ነው። የጻፈችው ኸሊዳ ናት። ከዚህ ስድስት ሰዓት የሚያስኬድ ከተማ ውስጥ፣ የአባቴን መልክ እንኳ ሳታይ፣ በራሷ ስልክ የጻፈችው ነገር አባቴ ኪስ ውስጥ ገብቷል።

«አባዬ፣ ይህን ስልክ ማን አስተካከለልህ?»

«ያው ከድሩ ነዋ። ራስሽ አይደለሽ ወደ እሱ የላክሽኝ!»

የከድሩ ሱቅ ጣቢያው ፊት ለፊት ነው። ከደሴ መጥቶ ከአሥር ዓመት በላይ ስልክ ሲጠግን የኖረ፣ ማንንም እምቢ የማይል ሰው ነው። ገና መዝጊያውን እየከፈተ ነበር።

«ከድሩ፣ የአባቴ ስልክ ውስጥ የሰው ሁሉ ስም ለምን አለ?»

«እትዬ የሻረግ፣ እሱማ ምን ላድርግ ብለው ነው?» ሳቅ አለ። «ድሮ አፕ ስጭን በሚሞሪ ካርድ ነበር። አምስት ደቂቃ፣ አለቀ። አሁን ስልኮቹ እምቢ አሉ። ‹ምንጩ አይታወቅም፣ አልቀበልም›። ከመደብሩ አውርድ ይላል። መደብሩ ደግሞ ኢሜይል አምጣ ይላል። የኛ ሰው ኢሜይል ከየት ያመጣል? ቢከፍትም በማግስቱ የሚስጥር ቃሉን ረስቶ ይመጣብኛል። ስለዚህ በራሴ ኢሜይል ከፈትኩላቸው።»

«ለስንት ሰው?»

«ለሁሉም።»

«ለሁሉም ማለት?»

«ለመጣው ሁሉ፣ እትዬ። አራት መቶ ይሆናል።»

ድምፄ ሱቁን ሞላው። «አራት መቶ ስልክ በአንድ ኢሜይል? የአንዱን የጻፈውን ሌላው እንዲያየው?»

«ስሙማ ይቀላቀላል፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ጥቅምም አለው! ስልክ ሲጠፋ በካርታ ይታያል። እንዳይምታታብኝ ብዬ እያንዳንዱን በባለቤቱ ስም ጽፌዋለሁ። ይኸው።»

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ፤ በሥራው ይኮራል። ረጅም የስም ዝርዝር፣ ከጎኑ ካርታ። ‹የጣሰው ባቡር› የሚለውን አየሁ። ወደ ታች አወረድኩት። ‹የኸሊዳ›። ነካሁት። ሰመራ።

ከድሩ ከትከሻዬ ላይ አየው። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ሲሟን ስትጥል ስልኩ ያንተን ኢሜይል እንደያዘ ሄደ» አልኩት። «ሲም ከጣልሽ ጠፋሽ ያላላት የለም። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናስበው። አሁን ንገረኝ፣ ይህን ዝርዝር ለማን አሳየህ?»

«ያረቢ!» መቁጠሪያውን ፈልጎ ጨበጠ። «ከሁለት ሳምንት በፊት አብዱናሲር የእናቴ ስልክ ጠፋ ብሎ መጣ። አሳየሁት። ካርታው እዚሁ ሱቅ ያሳያል፤ ስልኩ የገዛ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሳቅን። ‹በዚህ በእናቴ ስልክም መፈለግ እንድችል አስተምረኝ› አለኝ። አስተማርኩት። እትዬ፣ አስተማርኩት እኮ!»

«የእናቱ ስልክ?»

እናቴ ስልክ የላትም። ጽፌዋለሁ፣ በራሴ እጅ።

ዝርዝሩ ውስጥ ‹የአሪፋ›ን ፈለግኩና ነካሁት። ስልኩ ተዘግቷል፤ ከመዘጋቱ በፊት የታየበት የመጨረሻ ቦታ ግን ተጽፏል። ሰመራ። ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ከኸሊዳ ደጃፍ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም።

የራሱን ስልክ ምስክር እንዲሆንለት አዋሽ ትቶ፣ እሷን መፈለጊያውን የእናቱን ስልክ ይዞ ሄዷል። ሚስቱን ያሳየው ካርታ እሱንም እያየ መሆኑ አልታሰበውም።

አብዱናሲርን ጎማ እያንከባለለ ነው የያዝኩት። የአካባቢውን ፖሊሶች ይዤ ነው የሄድኩት። አሁንም በለስላሳ ድምፅ «እህቴ፣ ምን ጎደለ?» አለኝ።

«የእናትህ ስልክ ጎድሏል።»

አሪፋ ከበሩ ላይ ሰሙ። ልጃቸውን አዩት፤ በዚህ ጊዜ ግን መልሱን ከእሱ አልጠበቁም። «ሰኞ ሲነጋ ስልኬን ይዞ ወጣ። ማታ ተመልሶ ድልድዩ ላይ ወድቆ ገደል ገባ አለኝ» አሉ። «ተኝቶ ነበር በይ ያለኝ እሱ ነው። ምን እንዳደረገ አልነገረኝም። አላህ ያውቃል፣ አልነገረኝም።»

«ዝም በይ!» ብሎ ጮኸባቸው። ለስላሳው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «ሚስቴ ናት! ከቤቴ ወጥታ ስልክ ታጠፋብኛለች? እኔ ላይ?»

ካቴናውን ያጠለቅኩለት እኔ ነኝ። ካስፈለገው በላይ አጥብቄዋለሁ፤ አልዋሽም።

ሰመራ ስደርስ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። ዊዳድን ወደ መኪና ሊያስገቧት ነው። ኮማንደሩ በስልክ ሁሉን ሰምተዋል፤ ግን «ይህ የከድሩ ጉዳይ ነው፣ የእሷ አፕ ደግሞ ለብቻው ይታያል» ይሉኛል። ሪፖርቱን ከጠረጴዛቸው ላይ አነሳሁት። ሁለት ገጽ ነው። ሁለት ገጽ! እሳቸው የመጀመሪያውን አስምረው ትተውታል፤ እኔም ተናድጄ ስወጣ አላገላበጥኩትም። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«‹አለሁ የተባለውን መተግበሪያ ምንጩ ስለማይታወቅ ስልኩ ከአራት ቀን በፊት በራሱ ዘግቶታል። ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት እስከ ስምንት ሰዓት ከአሥራ አምስት፣ የስልኩ ባለቤት ልትከፍተው አሥራ አንድ ጊዜ ሞክራለች። በየሙከራው የታየው ጽሑፍ፦ ለደህንነትዎ ሲባል ይህ መተግበሪያ ታግዷል።›»

ኮማንደር ደምመላሽ ተቀመጡ።

«የሷን መልእክት የዘጋው ይህ ነው» አልኳቸው። «ገዳዩ የገባው ግን በመደብሩ በር ነው፤ ሁሉም በሚያምኑት በር። እርስዎ ደግሞ ልጅቷን አሰሩልኝ! ይፍቷት። አሁኑኑ!»

ፈቷት። ወረቀቱን ሰጠኋት፤ መልሱን ማግኘት ይገባት ነበር። ቆማ አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው።

«እምቢ ያላት የኔ አልነበረም» አለች።

«አልነበረም።»

«አሥራ አንድ ጊዜ» አለችና ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «የመጀመሪያው ቢደርሰኝ አራት ደቂቃ ነበር።» አለቀሰች። እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ፤ ዩኒፎርሜን የለበስኩ ብሆንም።

ብዙ አልቆየችም። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ስልኬን መልሱልኝ አለች። ለሁለት መቶ አሥሩም አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ላከች፦ ‹ዊዳድ ነኝ። ቀዩን አሁን ንኩት። መሥራቱን ልወቅ።›

መጠበቅ ጀመርን። ስልኩ ጮኸ፤ አንድ። ደግሞ ጮኸ። እየቆጠረች ነበር። ሠላሳ ሲሞላ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። አርባ ሦስት ላይ ቆመ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አርባ ሦስት ነው።

«መቶ ስልሳ ሰባቱ?» አለ ከበሩ ላይ ያለው ዘበኛ።

ዊዳድ ከጡቷ ሥር የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። ትናንት አልሰጥም ያለችኝ የሴቶቹ ስም ነው፤ ከነሰፈሩ።

«አንቺ ብቻ ነሽ የምታይው» አለችኝ። ‹እርስዎ› ማለቱን ትታለች።

«እኔ ብቻ።»

መልእክታቸው ካልደረሰን ሴቶች የመጀመሪያዋ ሎጊያ ነው ያለችው። የመኪናውን ቁልፍ አነሳሁና አብረን ወጣን።